በጉንፋን ምክንያት የተጀመረ ጠብ

በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ኤልዳና አምደብርሃን ከእንቅልፏ ስትነቃ ጉሮሮዋን ከርከር አደረጋት። ውሃ ጠጣች፤ አልለቀቃትም። ሻይ በዝንጅብል ጠጣች፤ ለጊዜው ተወት አድርጓት ጫማዋን ስታጠልቅ ተመለሰ። አፍንጫዋ ገና መፍሰስ አልጀመረም፤ ሊጀምር እንዳሰበ ግን ታውቋታል።

እንደ ወትሮው በሯ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰጠችው። በሩ ለሦስት ሰከንድ ያህል አሰበ።

«ጤነኛ ነዎት። ይውጡ» አላት። ከበላዩ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ።

ኤልዳና ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ ሠላሳ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ላይ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ፣ ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ዘመን ኤልዳና፣ ሀሴት፣ ያፌት የመሳሰለው ሁሉ የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ነው፤ ወጣቶቹ ደብሪቱና ወርቅነህ ነው የሚባሉት። ሥራዋ ከተማው ዳር ባለ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ብርድ ልብሱን የሚሠራውም፣ የሚያጥፈውም፣ የሚጭነውም ማሽን ነው፤ ይለስልስ አይለስልስ ግን እስካሁን ማሽን መለየት አልቻለም። ስለዚህ ኤልዳና በቀን አራት መቶ ብርድ ልብስ በጉንጯ ትዳስሳለች። ጥሩውን ታሳልፋለች፣ መጥፎውን «ይሻክራል» ትላለች።

በሮቹ ወደ ከተማው ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት ሰው ሲያመው ቤት መዋል እንዳለበትና እንደሌለበት ራሱ ይወስን ነበር፤ አብዛኛውም ይሳሳት ነበር። ትኩሳት ያለው አስተማሪ ያስተምራል፣ የሚያስለው ሰው ታክሲ ውስጥ መሀል ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አፍንጫው የሚፈስ ሙሽራ እንግዳውን ሁሉ ይስማል። ስለዚህ ውሳኔው ለበር ተሰጠ። በሩ «ይውጡ» ካለ ይወጣል። «ይዋሉ» ካለ ይዋላል፣ መብራቱም ቢጫ ይሆናል። ቢጫው የታሰበው ጎረቤት አይቶ እንዲርቅ ነው።

ጎረቤት አይቶ አልራቀም። ድሮ የታመመ ሰው መኖሩን ለመስማት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አሁን በሩ ራሱ ስለሚናገር ሰው ወዲያው ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል። አምና ከኤልዳና ፊት ለፊት የሚኖሩት ወይዘሮ ሀሴት ጉንፋን ሲይዛቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሠላሳ አራት ሰው ጠየቃቸው። በሳምንቱ ከሠላሳ አራቱ ሃያ ስምንቱ ቤት ዋሉ። ወይዘሮ ሀሴት እስከዚያ ድነው ስለነበር ሃያ ስምንቱንም በየቤታቸው ዞረው ጠየቁ፣ አራተኛው ቤት ላይም እንደገና ታመሙ። ከከተማው አስተዳደር የመጡ ሰዎች በየኮሪደሩ «ቢጫ መብራት ያለበት ቤት አይግቡ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። የፎቁ ነዋሪዎች አነበቡት። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ዘመድ አልባ ሳይሆን አይቀርም ብለው አዘኑለት።

ኤልዳና በሯ ላይ ቆማ የምታስበው ይህንን ነበር። ልጇ ደብሪቱ በዚያው ሕንጻ አሥራ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከተገላገለች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ወንድ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ። ሕፃኑ ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ሐኪሟ ከሆስፒታል ስታስወጣቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር የተናገረችው፤ «ጉንፋን እንዳይነካው»። ኤልዳና በየቀኑ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ እዚያ ትወጣለች፣ ልጁን ትታቀፋለች፣ ልጇን ትመግባለች።

ዛሬ ብትወጣ ሕፃኑን ታሲዘዋለች። ሥራ ብትሄድ አራት መቶ ብርድ ልብስ ላይ ትተነፍሳለች። ቤት እንድውል ፍቀድልኝ ብላ በሩን እንደገና እንዲያሸታት ብታስገድደው፣ ካወቀባት ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የፎቁ ሰው በሙሉ ገብቶ ይጠይቃታል። እሷን የጠየቀ ደግሞ እግረ መንገዱን አራሷን ሳይጠይቅ አይመለስም። ጉንፋኗ እሷ አልጋ ላይ ተኝታ እያለች በሰው እግር አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ይደርሳል።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር። ማንም ሳያውቅ ቤት መዋል። ጫማዋን አወለቀች።

መጀመሪያ ፋብሪካ ደወለች። ተቆጣጣሪዋ ወርቅነህ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።

«በሩ ምን አለዎት እትዬ ኤልዳና?»

«ይውጡ አለኝ።»

«ታዲያ ማን ነው ታመዋል ያለዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«ጉሮሮዬ።»

ወርቅነህ ቅጹን ገለጠ። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ መታመሙን የሚነግረው በር ነው፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠይቆ ሲያውቅ ሰምቶ አያውቅም። «ቅጹ ላይ ጉሮሮ የሚል የለም» አለ በመጨረሻ። «የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ልሙላው?»

«ሙላው።»

ቀጥላ ልጇ ጋ ደወለች። ደብሪቱ ስታነሳ ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ሰባት ጠያቂ ቤቷ ገብቷል። ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ኤልዳና «ጉንፋን» ብትል ቃሉ ስልኩ ሳይዘጋ ደረጃ መውረድ እንደሚጀምር ገባት።

«ዛሬ አልመጣም» አለች።

«ለምን እማዬ?»

«ሥራ በዝቶብኛል።»

ልጇን ከዋሸች ብዙ ዓመት ስለሆናት ውሸቱ አላማረባትም። ደብሪቱ «እሺ» አለች፤ እሺታዋም ደስ አይልም ነበር።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ኤልዳና ጋቢዋን ተጠቅልላ ሶፋ ላይ ተኛች። በአራት ሰዓት ግን በሩ የራሱን ሥራ ሠራ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ጡረተኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ፣ መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ሳያየው ቆይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሮቹ ጤነኛ ሆኖ ያልወጣ ሰው ሲያጋጥማቸው እንዲያሳውቁ ታዘዋል። ስለዚህ በውጭ በኩል፣ ኤልዳና በማታየው በኩል፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ የሚል ጽሑፍ በራ፦

«ጤነኛ ናቸው። አልወጡም።»

መጀመሪያ ያዩት ወይዘሮ ሀሴት ናቸው። ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ፋብሪካ ደወሉና «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» የሚል መልስ አገኙ። ከዚያ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ወጡና «እናትሽ የት ናት?» ብለው ጠየቁ፤ «ሥራ በዝቶባታል» የሚል መልስ አገኙ። የበሩን ጽሑፍና ሁለቱን መልሶች አንድ ላይ ሲያደርጓቸው ነገሩ ግልጽ ሆነላቸው። ትናንት ማታ አራሷ ቤት ሳሉ፣ ኤልዳና ሕፃኑን የሚያጥበውን አዲሱን ማሽን ትክ ብላ ስታየው ቆይታ «ድንች እንኳ እንዲህ አይታጠብም» ብላ ነበር። ደብሪቱ አልመለሰችም ነበር። በቃ፣ እናትና ልጅ ተኳርፈዋል።

ስድስት ሰዓት ላይ ኩርፊያው በፎቁ ሁሉ የታወቀ ነገር ሆነ። ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑን የገዛችው የደብሪቱ ባል እናት ናት የሚል ተጨመረበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው የኤልዳናን በር አንኳኩ።

ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ሀሴት፣ አቶ ኪሩቤል የሚባሉ ብዙ የማይናገሩ ሰውዬ፣ እና የፎቁ እድር ሊቀመንበር ጋሽ ያፌት ነበሩ። ጋሽ ያፌት የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። በጎረቤት ለቅሶ፣ በጎረቤት ሠርግ፣ በጎረቤት ሕመም ቀርተው አያውቁም። ወንበራቸውን ኮሪደሩ ላይ ዘረጉና ተቀመጡ።

«ኤልዳና» አሉ ጋሽ ያፌት፣ «ዝም ብለን አልመጣንም።»

ኤልዳና ከውስጥ ተነስታ ወደ በሩ ቀረበች። በዚህ ሰዓት ራሷ ከብዷታል፣ ጀርባዋን ይቆረጥማታል። «እንዴት ዋሉ ጋሼ?» አለች።

«ክፈቺልን።»

«ዛሬ ይቅር።»

ሦስቱም ተያዩ። ኤልዳና በር ላይ የመጣን ሰው ዛሬ ይቅር ብላ አታውቅም።

«ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ ሀሴት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ውስጥ ድረስ ግን እንዲሰማ አድርገው።

«ምንም ነገር የለም» አለች ኤልዳና።

«ምንም ነገር የሌለው ሰው በር ይከፍታል» አሉ ጋሽ ያፌት። «አየሽ፣ ልጅሽ ወጣት ናት። ማሽኑንም የተቀበለችው በክፋት አይደለም።»

«የምን ማሽን?»

«እሱን እኛ አናነሳውም። አንቺ ስትፈልጊ ታነሺዋለሽ።»

ኤልዳና ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች። በሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ደስ አላት። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «ታምሜያለሁ። ጉንፋን ነው። ልጁን እንዳላሲዘው ብዬ ነው የተደበቅኩት።»

ጋሽ ያፌት መነጽራቸውን አስተካክለው ከበሩ በላይ ያለውን መብራት አዩ። አረንጓዴ ነው። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ በሩ ጠጋ አሉና በትሕትና ጠየቁት፤ «ኤልዳና ታማለች?»

«ጤነኛ ናቸው» አለ በሩ። «አልወጡም።»

ጋሽ ያፌት ተመልሰው ተቀመጡ። በኤልዳና ቦታ እሳቸው አፈሩ። «ሰው ሲከፋው ብዙ ነገር ይላል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ።

«በሩ አላወቀም እኮ» አለች ኤልዳና።

«አንቺ አውቀሽ እሱ አላወቀም?» አሉ ወይዘሮ ሀሴት።

«አዎ።»

ወይዘሮ ሀሴት ከዚያ በላይ መስማት አልፈለጉም። ብድግ አሉና «ልጅቱን ላምጣት» አሉ። «እናት የልጇን ፊት ስታይ ልቧ ይራራል።»

«እንዳታመጧት» አለች ኤልዳና። «ወይዘሮ ሀሴት፣ እባክዎ እንዳያመጧት።» መልስ የሰጣት የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ ነው። በሯን ከውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ደግማ አረጋገጠች። ከዚያ ትዝ አላት። የሷ በር በደብሪቱም ጣት ይከፈታል። ራሷ ናት ያስመዘገበቻት፣ ድንገት ብወድቅ ብላ።

አሳንሰሩ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማችው የሕፃኑን ድምፅ ነው። ደብሪቱ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ አብረዋት ከወረዱት ጠያቂዎቿ ሁሉ ፊት ፊት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እማዬ፣ ማሽኑን እመልሰዋለሁ» አለች።

«ደቢ፣ ልጄ፣ ወደ ላይ ውጪ።»

«ካላነጋገርሽኝ አልወጣም። ሥራ በዛብኝ ብለሽ ዋሽተሽኛል። ተቆጪኝ እንጂ ለምን ትዋሺኛለሽ?»

«አልተቆጣሁሽም። ጉንፋን ይዞኛል። ልጁን ከበሩ አርቂው።»

«በሩ አልያዛትም ብሏል» አሉ ወይዘሮ ሀሴት ከጎን።

ደብሪቱ አውራ ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈች። «እንኳን ደህና መጡ» አለ በሩ፣ ተከፈተም። ኤልዳና በትከሻዋ ገፋችው። በሩ የጣት ስፋት ያህል ተከፍቶ፣ በአንድ በኩል በልጅቱ እጅ፣ በአንድ በኩል በእናቲቱ ትከሻ ተይዞ ቆመ። በቀዳዳው ውስጥ ኤልዳና የልጅ ልጇን ግንባርና አንድ የተጨበጠ እጅ አየች። ለመታቀፍ ክንዷ ወደፊት ሲሄድባት ታወቃት። በዚያው ቅጽበት አፍንጫዋ ቀኑን ሙሉ ሲያስበው የነበረውን ነገር ጀመረ። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ ጋቢዋ ውስጥ ቀብራ፣ በሙሉ ክብደቷ በሩን ደግፋ ዘጋችውና አነጠሰች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

በሩ አሰበ።

«ይዋሉ» አለ። መብራቱ ቢጫ ሆነ።

«ይማርሽ» አለ ኮሪደሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ኤልዳና ጠዋት የፈራችው ነገር ነው። ሁሉም እፎይ አሉ። ጠብ አይደለም፣ ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ ምን እንደሚደረግበት ይታወቃል። ወይዘሮ ሀሴት አጥሚት ሊያሞቁ ወደ ቤታቸው ሮጡ። ሌሎች በሮች እየተከፈቱ ቢጫውን ያየ አሥር አሥራ አምስት ሰው ወጣ። አንዱ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። «ክፈቺ እንጠይቅሽ» አሉ ጋሽ ያፌት፣ ወንበራቸውን እያጠፉ። ደብሪቱ ከሁሉም ብሳ «እማዬ፣ ብቻሽን ሆነሽ ማን ሾርባ ይሠራልሻል? ልግባ» አለች፣ ጣቷንም እንደገና አነሳች።

ኤልዳና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አትግቡ፣ ያማችኋል ብትላቸው ማንም እንደማይሰማት ታውቃለች። እነዚህ ሰዎች በሽታ ፈርተው ከሰው ቤት የሚቀሩ ሰዎች አይደሉም፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ስሙ ይጠፋል። ከሰው ቤት የሚያስቀር ነገር በዚያ ፎቅ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሰዓታት በፊት ራሳቸው አምጥተውላታል።

«ተጣልቻለሁ» አለች ጮክ ብላ።

ብርቱካን የሚልጠው ሰው እጁ ቆመ።

«ከማን?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«ከሁላችሁም።»

«በምን?»

ይሄኛውን አላሰበችበትም ነበር። «ወይዘሮ ሀሴት የጫማ መደርደሪያቸውን በሬ ፊት ስላስቀመጡት» አለች። አንዴ ከጀመረች በኋላ ቃሉ ራሱ ይመጣላት ጀመር። «አራት ዓመቱ ነው። በየቀኑ እግሬን ይመታኛል። እርስዎም ጋሼ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሳንሰር ውስጥ ይዘፍናሉ።»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«አንድ ዘፈን ነው፤ መጨረሻውንም አያውቁትም። አቶ ኪሩቤል ደግሞ ዝም ይላሉ። ሰላም ስላቸው በአንገታቸው ነው የሚመልሱልኝ።»

አቶ ኪሩቤል በአንገታቸው አዎ አሉ።

«እኔስ?» አለች ደብሪቱ።

ኤልዳና ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ስትናገር ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤ ከጉንፋኑ ይሁን ከሌላ ነገር አልለየችውም። «አንቺን ልጁን አጠገቤ ስላመጣሽብኝ ነው» አለች። «አየሁት። እጁን ጨብጦ አየሁት። ከእንግዲህ ስድስት ቀን ሳልይዘው ልቀመጥ ነው። በዚህ ተጣልቼሻለሁ።»

ደብሪቱ ያነሳችውን ጣቷን መለሰች። ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዘዋወረችው፣ ከበሩ አርቃ።

ጋሽ ያፌት ያጠፉትን ወንበር እንደገና ዘረጉ። አርባ ዓመት ሙሉ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ተማሪ በአንድ ቃል ሌላ ነገር ሲናገር ያውቃሉ። ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆዩና ሰውን ሁሉ በዓይናቸው ዝም አሰኙ።

«ከባድ ጠብ ነው» አሉ። «ዛሬ የሚታረቅ አይደለም። ለመሆኑ ኤልዳና፣ እንዲህ ያለው ጠብ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አምስት ቀን። ቢበዛ ስድስት።»

«ትኩሳት አለው?»

«ገና አሁን እየጀመረው ነው።»

«እንግዲያው ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። እስከዚያ የተጣላ ከተጣላ ቤት አይረግጥም። አራሷም ተጣይ ስለሆነች ከዚህ ፎቅ እሷ ጋ የሚወጣ የለም።» ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጻፉት፣ እሳቸውና አቶ ኪሩቤል ፈረሙበት፣ የከተማው ማስታወቂያ ላይ ደርበው ለጠፉት። ሰው ሁሉ አነበበው። ይሄኛው የገባው ጽሑፍ ስለነበር ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። አጥሚቱን ይዘው ሲመለሱ ነገሩ የተለወጠባቸው ወይዘሮ ሀሴት ብቻቸውን ኮሪደሩ ላይ ቀሩ፤ አጥሚቱንም ቆመው ራሳቸው ጠጡት።

ጠቡ በሕጉ መሠረት ተካሄደ። ወይዘሮ ሀሴት በኤልዳና በር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጋሽ ያፌት ሰላም እንዳላሏት እንድታውቅ በሯ ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ኤልዳና ሐሙስና ዓርብ በትኩሳት ተኛች። ከባሏ ሞት ወዲህ እንኳ ቤቷ ሰው ያልገባበት ቀን አልነበረም፤ አሁን የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጸጥታው ሲበዛባት ለበሩ «እንዴት ዋልክ?» አለችው። «ይዋሉ» አላት።

የተጣላ ሰው ለተጣላው ምግብ አይልክም። ዓርብ ዕለት ግን በሯ ላይ የዶሮ ሾርባ ያለበት ድስት ተቀምጦ አገኘች። ክዳኑ ላይ «ይህ ከማንም አይደለም» የሚል ወረቀት ነበረበት። የጫማ መደርደሪያው ከቦታው ጠፍቷል።

በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ይጠራል። ስታነሳው የሚያናግራት የለም። በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ሰው መስሏት ልትዘጋው ስትል ከወዲያ በኩል ትንሽ ስቅታ ሰማች። ከዚያ የማሽኑ ድምፅ፣ የውሃ መንቦጫረቅ፣ ቀጥሎ ሕፃን ሲያለቅስ። ደብሪቱ ጠቡን ሳታፈርስ ስልኩን ከገንዳው አጠገብ አስቀምጣዋለች። ኤልዳና ድምፅ ሳታሰማ ገላው ታጥቦ እስኪያበቃ አዳመጠች። ለቅሶው ኃይለኛ ነው። አንድም ጊዜ አላሳለም።

ማክሰኞ በሩ «ይውጡ» አላት። በሩ ስላለ ብቻ ግን አልወጣችም፤ ጉሮሮዋን ዋጥ ዋጥ አድርጋ ሞከረችው፣ አፍንጫዋን በሁለቱም በኩል ሳበችው፣ ደረጃ ወርዳ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው ወጥታ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ለዕርቁ የተቀመጠችው። ዕርቁ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ጠቡ ለይስሙላ ነው ቢባልም የተነገረው በደል ግን እውነት ስለነበር መልስ ያስፈልገው ነበር። ወይዘሮ ሀሴት ስለ መደርደሪያው ይቅርታ ጠየቁ። ጋሽ ያፌት መዝፈናቸውን እንደማያውቁ በእድሩ ስም ማሉ። አቶ ኪሩቤል ተራቸው ሲደርስ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ የሚያናግራቸው ሰው ስላጡ ነው እንጂ ብዙ የሚሉት ነገር እንደነበር ታወቀ። በመጨረሻ ደብሪቱ ሕፃኑን እናቷ ክንድ ላይ አኖረችው። ኤልዳና ጠረኑን አሸተተች፣ ጆሮውን ወደኋላ ገለጥ አድርጋ አየች። በደንብ ታጥቧል። ይህንን ጮክ ብላ አልተናገረችም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በኅዳር ወር አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ባልና ሚስት ከሕንጻው ጋር በሙሉ ተጣሉ፤ ሁለቱም ያስላሉ። በታኅሣሥ የሠፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ለአራት ቀን ተጣላ። ጥር ሲገባ በሕንጻው ሁለት መቶ አሥራ አራት ጠብ ተመዝግቦ፣ የታመመው ሰው ግን ከአምናው በግማሽ ቀንሶ ነበር። ከከተማው አንዲት አጥኚ መጥታ የነዋሪው ማኅበራዊ ኑሮ ለምን እንደፈረሰ በየበሩ ጠየቀች። ብዙዎቹ ስለተጣሉ አላነጋገሯትም። በመጨረሻ የገባት ዕለት በሮቹ ላይ «ይጣሉ» የሚል ሦስተኛ ቃል እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበች። ፎቁ ተሰብስቦ ተወያየና ሐሳቡን አልተቀበለም። መቼ እንደሚጣላ ሰው ራሱ ቢወስን ይሻላል ተባለ።

በጥር ማብቂያ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ኤልዳና የእድሩን መዝገብ ልትወስድ የጋሽ ያፌትን በር አንኳኳች። መብራቱ አረንጓዴ ነው። በሩ ግን አልተከፈተም። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ፣ ቀርቦ ቆመ።

«ኤልዳና ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ተጣልቻለሁ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ብረት ምጣድ ይፋጫል።

«በምን?»

ነጠላ ጫማቸው ወዲያና ወዲህ ሲል ተሰማ። ኤልዳና ጠበቀች። እኚህ ሰው በሰባ አንድ ዓመታቸው ከሰው ጋር ተጣልተው አያውቁም፤ ሌላውን ሲያስታርቁ ነው የኖሩት።

«እያሰብኩት ነው» አሉ።

«ይረጋጉ፣ አልቸኩልም።»

«ባለፈው ስብሰባ ላይ... አይ፣ እሱ ልክ ነበርሽ። የልጅ ልጅሽን ይዘሽ ስትመጪ... አይ፣ እሱ ደስ ይላል።» አሳላቸው፣ ረጅም ሳል ነበር። «ኤልዳና፣ ምንም አላገኘሁብሽም።»

«እንግዲያው እኔ ልጣላዎት» አለች። «በምን እንደሆነ ማክሰኞ እነግርዎታለሁ።»

«ዓርብ ይሻላል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጠብ ቶሎ አይለቀኝም።»

«ዓርብ ይሁን።»

ፊቷን አዙራ ሄደች። ወደ በሯ ስትቃረብ ከኋላዋ የጋሽ ያፌት ድምፅ ተከተላት።

«ደህና ዋይ ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ነገሩ ትዝ ሲላቸው «አልተናገርኩም» አሉ።